የካራ ሕዝብ የገላ ላይ ሥዕል

የካራ ሕዝብ የገላ ላይ ሥዕል በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖሩት ካራዎች ፊታቸውንና ገላቸውን በተፈጥሮ ቀለም የሚያስጌጡበት ባህላዊ ጥበብ ነው። ካሮ በመባልም የሚታወቁት ካራዎች በቁጥር አነስተኛ ሲሆኑ ዱስ፣ ላቡክና ቆርቾ በተባሉ መንደሮች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ለሐመርና ለበና ሕዝቦች ቋንቋ ቅርብ ነው።

ቀለሞቹ

ነጩ ቀለም ከጠመኔ፣ ቀዩ ብረት ከበዛበት አፈር፣ ቢጫው ከማዕድን ድንጋይ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከከሰል ይገኛል። እነዚህ ተደቁሰው በውሃ ይለወሳሉ። ሥዕሉ የሚሠራው በጣት ወይም በቀጭን እንጨት ነው። ነጠብጣብ፣ መስመርና የመዳፍ አሻራ የተለመዱ ሲሆኑ፣ በተለይ የጅግራን ዥጉርጉር ላባ የሚመስለው ነጠብጣብ የታወቀ ነው።

አሠራሩ

የገላ ሥዕል ትምህርት ቤት የለውም፤ ልጆች ታላላቆቻቸውን እያዩና እየሞከሩ ይለምዱታል። ሰው የራሱን ፊትና ጀርባ በደንብ ስለማያይ ጓደኛ ጓደኛውን ይቀባል። ካራዎች ጸጉርን በሸክላ አፈር በማስያዝ፣ የሰጎን ላባ በመሰካትና ቆዳን በመብጣትም ያጌጣሉ። የብጣት ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ቀለሙ ግን በውሃ ስለሚለቅ ያው ሰው በሌላ ቀን በሌላ መልክ ሊቀባ ይችላል።

የአሁኑ ሁኔታ

ሥዕሉ በዋናነት ለጭፈራና ለበዓል የሚሠራ ነበር። ጎብኚዎች ፎቶ ለማንሳት ገንዘብ መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ግን ጭፈራ በሌለበት ቀንም መቀባት ተለምዷል። ካራዎች ማሽላና በቆሎ የሚያመርቱት የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ ነበር። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የወንዙ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ስለዚህ ከፎቶ የሚገኘው ገንዘብ ለቤተሰብ ትርጉም አለው። በሌላ በኩል ክፍያው የሚሄደው ፎቶ ለሚነሣው ሰው ነው፤ በዓለም ዙሪያ በተሠራጩት ፎቶዎች ላይ ሥዕሉን የሠራው ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይጠቀስም።

በጂንካ ከተማ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል በርኮታን የመሳሰሉ የአካባቢውን ሕዝቦች መገልገያዎች ያሳያል። የገላ ሥዕል ግን እንደ በርኮታ በመደርደሪያ ሊቀመጥ አይችልም። ከፎቶ ውጪ የሚቆየው አንዱ ሌላውን መቀባት እስካላቆመ ድረስ ነው።