የጨረቃ ግርዶሽ ከጊዳ አያና ሰማይ ሥር



ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ተከናውኗል። በዚያ ሰሞን ተማሪዎች ደጋግመው ያቀረቡልኝ ጥያቄ «ከጊዳ አያና ይታያል ወይ?» የሚል ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ቦታ ይመርጣል፤ የጨረቃ ጥላ በምድር ላይ የሚያልፍበት መስመር ጠባብ ነውና። የጨረቃ ግርዶሽ ግን እንዲህ አይደለም። የምድር ጥላ የሚያርፈው በራሷ በጨረቃ ላይ በመሆኑ፣ በዚያች ሰዓት ጨረቃን ለማየት የቻለ ሁሉ ያንኑ ግርዶሽ በአንድ ቅጽበት ይመለከታል። ለጊዳ አያና፣ ለነቀምትም ሆነ ለአዲስ አበባ ወሳኞቹ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጨረቃ ከአድማስ በላይ መሆኗና ሰማዩ ከደመና መጥራቱ።

የመጀመሪያው በስሌት ይታወቃል። በዚያ ምሽት ጥላው የጨረቃን ጠርዝ የነካው 1:27 ላይ ነው። ጨረቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ፣ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ የገባችው 2:30 ላይ ነበር። በዚያም 82 ደቂቃ ያህል ቆይታ 3:52 ላይ መውጣት ጀመረች፤ 4:56 ላይ ከጥላው ተላቀቀች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጨረቃ ከጊዳ አያና በስተምሥራቅ ከአድማስ በላይ ከፍ እያለች ትሄድ ነበር። በጥላው ውስጥ ሳለችም ፈጽማ አትጠፋም። የምድር ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን አጉብጦ ወደ ጥላው ያስገባል፤ ሰማያዊው በመንገድ ሲበተን ቀዩ ያልፋል። ጨረቃን ደም የሚያስመስላት ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ማለትም ደመናው፣ እንዲህ ከዓመታት በፊት አይሰላም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሀገራችን ሰማይ ላይ የተከናወኑትን የቅርብ ጊዜ ሙሉ ግርዶሾች እናስታውስ፦ ሰኔ 8 ቀን 2003፣ ሐምሌ 20 ቀን 2010 እና ጳጉሜን 2 ቀን 2017። ሦስቱም የዋሉት በክረምት ነው፤ ወለጋ ደግሞ በክረምት ዝናብ የሚበዛበት ምድር ነው። ስለዚህ ወጥቶ ሰማዩን ጠብቆ ምንም ሳያይ የተመለሰ የጊዳ አያና ተማሪ፣ የጎደለው መሣሪያ ወይም ታዛቢ ጣቢያ ሳይሆን የጠራ ሰማይ መሆኑን ይወቅ።

ከእኛ ሰማይ የሚታየው ቀጣዩ ሙሉ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ በጋ ነው። ያን ዕለት ጨረቃ የምትወጣው ጠርዟ በጥላው ተነክቶ ነው፤ ከምሽቱ 1:16 እስከ 2:28 ገደማም ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ ትቆያለች። ምልከታው ለዓይን ምንም ጉዳት የለውም።

ተማሪዎቼ በዚያ ምሽት ሦስት ነገር እንዲመዘግቡ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ጥላው ጨረቃን ሙሉ በሙሉ የሸፈነበትንና መልቀቅ የጀመረበትን ደቂቃ። ሁለተኛ፣ የጥላውን ጠርዝ ቅርጽ፤ አርስጣጣሊስ ምድር ክብ መሆኗን ያስረዳው በዚሁ ነው። ሦስተኛ፣ የጨረቃን ቀለም፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ዳንዦ ባወጣው መለኪያ 0 እጅግ የጨለመ፣ 4 እጅግ የደመቀ ግርዶሽ ነው። ቀለሙ ከባቢ አየራችን በአቧራና በእሳተ ገሞራ ብናኝ ምን ያህል እንደተበከለ ይጠቁማል።

ለዚህ ሥራ ሰዓት፣ ደብተርና የጠራ ሰማይ ይበቃሉ። ከአዲስ አበባ የሚመዘገበውና ከጊዳ አያና የሚመዘገበው በሳይንስ ፊት እኩል ዋጋ አላቸው።