በአነስተኛ ወጪ የቪክቶሪያ ስልት የቤት ማስዋብ

የቪክቶሪያ ስልት በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901) በብሪታንያ የተስፋፋ የቤት አሠራርና የቤት ውስጥ ማስዋብ ልማድ ነው። ጠቆር ያሉ ቀለሞች፣ አበባ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት፣ ከባድ መጋረጃ፣ ዳንቴል፣ የተቀረጸ እንጨትና በዕቃ የተሞላ ሳሎን መለያዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ የባለጸጎች ስልት ተደርጎ ቢታይም ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በርካሽ መምሰያዎች ነው። በዚህም ምክንያት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኝ የጭቃ ቤትን በዚህ ስልት ማስዋብ ከስልቱ ባሕርይ ጋር አይጋጭም።

ርካሽ መምሰያ በራሱ በዘመኑ

በብሪታንያ በግድግዳ ወረቀት ላይ የነበረው ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1836 ተነሣ። ወረቀቱም በማሽን መታተም ሲጀምር ዋጋው ወረደ። ርካሽ ጥድ በቀለምና በማበጠሪያ መሰል መሣሪያ እየተሰነተረ የከበረ እንጨት እንዲመስል ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ሊንክረስታ የተባለ፣ የተቀረጸ ልስን የሚመስል የግድግዳ ልባስ ተፈለሰፈ። ሃያሲው ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ እንጨትን እብነ በረድ አስመስሎ መቀባትን እንደ ማታለል ቆጥሮ ነቅፎታል፤ ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም። በእንግሊዝ የተፈለሰፈው የቤት ክዳን ቆርቆሮም የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው።

በኢትዮጵያ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ህንዳውያንና አርመናውያን ባለሙያዎች የተሳተፉባቸው የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ተሠሩ። ሰፊ በረንዳ፣ የእንጨት ደረጃና እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ የጣውላ ጌጥ አላቸው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤትና የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤት ይጠቀሳሉ። የእንግሊዝ ቤት ግልባጭ አይደሉም፤ የህንድ፣ የአርመንና የአገሬው እጅ ተቀላቅሎባቸዋል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ባለ ጌጥ ቤቶች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው ደግሞ እንጨትና ጭቃ ነበር። ጭቃና ጌጠኛ በረንዳ እንግዲህ የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ግድግዳ

የቪክቶሪያ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል፦ ከታች ጠቆር ያለ ክፍል፣ መሃል ላይ አበባማው ሜዳ፣ ከላይ ጠባብ ጌጥ። ይህን ክፍፍል በጭቃ ግድግዳ ላይ ለማምጣት የሚያስፈልገው ቀለምና ክር ብቻ ነው። ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ክር ተወጥሮ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በታች ቡናማ ወይም ጥቁር ቀይ፣ በላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይቀባል። ገንዘብ ካለ በመስመሩ ላይ ቀጭን ጣውላ፣ ከታች ደግሞ ዞኮሎ ይመታል። የግድግዳ ወረቀቱን የሚተካው ካርቶን ላይ አበባ ቀርጾ መቅደድና በተቀደደው በኩል በስፖንጅ ቀለም ማሳረፍ ነው። እንግሊዞችም ለወረቀት አቅም ሲያጡ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ቸኩሎ መቀባት ግን ሥራውን ያበላሻል። ከጭድ ጋር የቦካው ጭቃ ምርጊቱም ልስኑም በደንብ ካልደረቀ የዘይት ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይቋጥራል፣ ወረቀትም ይላቀቃል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ብርዳማዋ ሱሉልታ በክረምት መጀመር አይመከርም፤ ከመስከረም በኋላ ያለው ፀሐይ ይሻላል። እርጥበት የማይለቀው ግድግዳ ኖራ ቢቀባ የተሻለ ይተነፍሳል።

ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ የጄሶ ጌጥ አይሸከምም። በመብራቱ ዙሪያ ክብ አበባ መሣል ይበቃል።

ዕቃና ዳንቴል

ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ቤት ውስጥ አለ። በቪክቶሪያ ዘመን ወንዶች ማካሳር የተባለ የጸጉር ዘይት ይቀቡ ስለነበር የወንበር መደገፊያ እንዳይቆሽሽ ዳንቴል ይለብስ ነበር። በኢትዮጵያ ሳሎን በሶፋው፣ በቡፌውና በቴሌቪዥኑ ላይ የሚነጠፈው የኪሮሽ ሥራ የዚሁ ልማድ ዘመድ ነው (ቅቤ ለተቀባ ጸጉርም ያገለግላል)። ነጭ ዳንቴል በጥቁር እንጨት ላይ ሲሆን ስልቱ ወዲያው ይታያል።

ለመጋረጃ ከፋይ መግዛት ውድ ነው፤ ከሳልቫጅ የሚገኝ ወፍራም ጨርቅ ጫፉ ላይ ዘርፍ ቢሰፋበት ይተካዋል። የፎቶ ፍሬም፣ የመስታወት ጠርዝና አሮጌ በር ከቁራሌውም፣ መርካቶ ካለው ከምናለሽ ተራም ይገኛሉ። ፍሬሞቹ የተለያየ መጠን ቢኖራቸውም ችግር የለም፤ እንዲያውም ተጠጋግተው ሲሰቀሉ ይበልጥ የዘመኑን መልክ ይይዛሉ።

ለተከራይ ቤተሰብ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱን ከተሞች ባጠቃለለው ሸገር ከተማ ብዙ ቤቶች መፍረሳቸው እንዳሳየው፣ የራሱ ነው ብሎ ያሰበውም ሰው ቢሆን ግድግዳ ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ አብሮት ላይሄድ ይችላል። ተነቅሎ የሚጫነውን ማለትም መጋረጃን፣ ዳንቴልን፣ ፍሬምንና ቡፌን ማስቀደም ብልህነት ነው።

ጥንቃቄ

በቪክቶሪያ ዘመን የተወደደው ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት አርሴኒክ ነበረበት፤ በእርጥብ ክፍል ውስጥ መርዛማ ጋዝ ያወጣ ነበር። የዛሬው አደጋ በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ላይ ገድቦታል፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን ከዚህ በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ በር ሲፋቅ ቀለሙ አስቀድሞ በውሃ ይርሳል፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከሕፃናት ርቆ ይሠራል፤ ፍቅፋቂውም ተሰብስቦ ይጣላል እንጂ አይቃጠልም።