«ቀልብ የለውም» የምንለው ልጅ



በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ከመምህራን አዘውትረን የምንሰማው አቤቱታ አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ ቁንጥንጥ ነው፤ አንድ መስመር ጽፎ ሳይጨርስ ይነሣል፤ ጎረቤቱን ይነካካል» ይሉናል። እናቱን ስንጠይቃት ደግሞ «ውኃ ቅዳ ብዬ ብልከው ጀሪካኑን መንገድ ላይ ጥሎ ወፍ ሲያባርር አገኘዋለሁ» ትላለች። አባት አርጩሜ ይቆርጣል፤ መምህር ያንበረክካል፤ ጎረቤት «ዐይነ ጥላ ነው» ይላል። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የስድስት ዓመት ልጅ መንቀዥቀዡ ብቻውን በሽታ አለመሆኑ ነው። ጥጃ ሲያግድ የኖረ ልጅ መሮጥ ሥራው ነበር፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ በድንገት ጸጥ በል ቢባል እንዴት ይሆንለታል? ቁርስ ሳይቀምስ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣም ፊደል ቢጠፋበት አያስገርምም።

ከዚያ በኋላ አካሉ ይታይ። ከጆሮው መግል የሚፈስ ልጅ ብዙ ጊዜ በደንብ አይሰማም፤ ከኋላው ቆማችሁ ስሙን በዝግታ ጥሩትና ተመልከቱ። ዐይኑን የሚያሻሸውም ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ ክልላችን በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። የመንጠቆ ትል ደሙን ያሳነሰበት ልጅ ይደክመዋል፣ ሐሳቡም ይበተናል። በቆላው በኩል ደግሞ ወባ ወደ አንጎሉ ወጥቶበት የዳነ ልጅ፣ ከዳነ በኋላም ነገር ለመያዝ ሊቸገር ይችላል። እየተናገረ ሳለ ድንገት ለጥቂት ሴኮንድ ዐይኑን ተክሎ የሚቀር፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ሲያጋጥማችሁ «ፈዛዛ» ብላችሁ አትለፉት። ይህ ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒት አለው።

ፍርሃትም አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች ሞተዋል። በክልሉ በተደረገው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ተኩስ የሰማ ልጅ ሌሊት አይተኛም፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ በክፍል ውስጥ ጆሮው ያለው ከመምህሩ ዘንድ ሳይሆን ከውጭ ነው። ይህ ልጅ ባለጌ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ችግሩ ከስድስት ወር በላይ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲጸና፣ ሐኪሞች ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ሕመም የሚሉት ሊሆን ይችላል። በኦሮሚያ በጊርጃ ወረዳ ገጠር ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ ከመቶ ልጆች ሰባት ያህሉ ምልክቱ ታይቶባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገርላቸው ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ግን አይረብሹም፣ ጥግ ይዘው በሐሳብ ይነጉዳሉ፤ ስለዚህም ማንም ሳያያቸው ይቀራሉ።

የማኅበረ ምእመናን ሽማግሌዎች ሆይ፣ አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። «ርኩስ መንፈስ ይዞታል» ተብሎ የታሰረና ምግብ የተከለከለ ልጅ አይተናል። ጸልዩለት፤ ነገር ግን አትሰሩት፣ አታስርቡት።

በቤት ትእዛዙ አንድ በአንድ ይሁን። «ሂድና በሬውን አስገባ፣ እንጨት ይዘህ ና፣ እግርህን ታጠብ» ከተባለ የመጨረሻውን ብቻ ያስታውሳል፣ እርሱንም ካስታወሰ ነው። ስሙን ጥሩ፤ ዐይኑን እዩ፤ አንዱን ሲፈጽም ወዲያው አመስግኑት። በክፍል ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ በየመካከሉም የሚያስነሣው ሥራ ይሰጠው። ዱላ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ያሰኘዋል፤ ቀልብ ግን አይሰጠውም።

በቡሬ ገጠር የምናውቃት አንዲት መምህርት እጅግ የሚያስቸግራትን ልጅ በደወል ላይ ሾመችው። ደወሉ በዛፍ የተሰቀለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ልጁ አሁንም ይቁነጠነጣል፤ የዕረፍቱ ሰዓት እስኪደርስ ግን መምህርቱን እያየ ይጠብቃል፣ ከትምህርት ቤትም ቀርቶ አያውቅም።