ፀሐይ ስትጋረድ ሰማዩ ቢደምንስ?

የቤታችሁን ጣሪያ አስተውሉ። ቆርቆሮው በሚስማር የተበሳበት ቦታ ካለ በዚያ ብርሃን ይገባል። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ክብ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳው ራሱ ክብ ላይሆን ይችላል፤ የተቀደደ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል። ወለሉ ላይ ያለው ብርሃን ግን ክብ ነው። ለምን ይሆን? ክቡ የቀዳዳው መልክ ስላልሆነ ነው። የፀሐይዋ መልክ ነው።

ፀሐይ ስትጋረድ ያ ክብ ይጎድላል። መጀመሪያ የተገመጠ ዳቦ ይመስላል። ቆይቶ እንደ ማጭድ ይቀጥናል። ይህን ሁሉ የምታዩት ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ወለሉን እየተመለከታችሁ ነው። ለዚህ ብሎ ጣሪያ የሚበሳ አይኑር እንጂ፣ በዋርካ ጥላ ሥርም ይኸው ነገር ይታያል። በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን መሬቱን በትንንሽ ማጭዶች ይሞላዋል። ወንፊት በፀሐይ ላይ ዘርግቶ ጥላውን ማየትም ይቻላል።

የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስታልፍ ነው። የጨረቃ ጥላ በምድር ላይ ይወድቃል። ጥላው መሐል ያለ ሰው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ ያያል። ዳር ላይ ያለ ሰው ግን ከፊሏ ብቻ ስትሸፈን ያያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጨረቃ ከምድር ራቅ ስለምትል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ያቅታታል። ያን ጊዜ ዙሪያዋ እንደ ቀለበት ይቀራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት በወለጋ፣ በጎጃምና በላሊበላ በኩል ያለፈው ግርዶሽ እንዲህ ያለ የቀለበት ግርዶሽ ነበር።

ሌላ ግርዶሽ የሚውለው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ጥላው ከስፔን ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳውዲ አረቢያና በየመን አድርጎ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። በግብፅ፣ በሉክሶር ከተማ፣ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ትጠፋለች። በጂዳ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ንገሩት፤ እሱም ሙሉውን ግርዶሽ ያገኛል። እኛ አገር ግን የሚታየው ከፊሉ ነው። ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነው።

ሐምሌን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክረምቱ የሚከብድበት ወር ነው። ታዲያ ደመና ቢሆን ምን እናደርጋለን?

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንቱንም አስጨንቋል። በነሐሴ ወር 1879 ዓ.ም. በሩሲያ ሙሉ ግርዶሽ ነበር። ሜንዴሌዬቭ የሚባለው የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ ክሊን በምትባል ከተማ ተገኘ። ሰማዩ ግን ተደፍኖ ነበር። ከደመናው በላይ በፊኛ ሊወጣ ተነሣ። ፊኛው በእርጥበቱ ስለ ከበደ ሁለት ሰው ማንሣት አቃተው። ፊኛ መንዳት የሚያውቀው ሰው ወረደና ሜንዴሌዬቭ ብቻውን ወጣ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር፤ ብቻውንም በፊኛ ወጥቶ አያውቅም። ከደመናው በላይ ሆኖ በጠቆረችው ፀሐይ ዙሪያ የሚታየውን ነጭ አክሊል አየ። ከዚያም በሰላም ወረደ። ሚስቱ ምን እንዳለችው እንጃ።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን መጣ። ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ኮንኮርድ የተባለው ፈጣን አውሮፕላን ሊቃውንትን አሳፍሮ ከደመና እጅግ ከፍ ብሎ በረረ። ከድምፅ ሁለት እጥፍ ስለሚፈጥን የጨረቃን ጥላ በአፍሪካ ሰማይ ላይ እየተከተለ 74 ደቂቃ በግርዶሹ ውስጥ ቆየ። መሬት ላይ የቆመ ሰው በዚያን ዕለት ያገኘው ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ያህል ነበር።

እኛ ፊኛም ኮንኮርድም የለንም። ስለዚህ ለእኛ የሚጠቅመን የኤዲንግተን ታሪክ ነው። ኤዲንግተን እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። አይንስታይን የተባለው ሊቅ፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይታጠፋል ብሎ ነበር። ይህን ለመመርመር በፀሐይ አጠገብ ያሉትን ከዋክብት ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። በፀሐይ አጠገብ ኮከብ የሚታየው ደግሞ በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ኤዲንግተንና ጓደኛው በምዕራብ አፍሪካ አጠገብ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት ተገኙ። ሌሎች ጓደኞቻቸው ወደ ብራዚል ሄደው ነበር። አንዱ ቦታ ቢደምን ሌላው ይጠራል ብለው ነው የተከፋፈሉት።

በዚያን ዕለት ጧት በፕሪንሲፔ ከባድ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ቢያባራም ደመናው አልሄደም። ሰዎቹ ግን ዕቃቸውን አልሰበሰቡም። ግርዶሹ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ፤ እነሱም በደመናው ውስጥ 16 ፎቶ አነሡ። ኤዲንግተን የፎቶውን መስታወት ሲቀያይር ግርዶሹን በደንብ አላየውም። አንድ ጊዜ መጀመሩን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የደመናውን ብዛት ለማወቅ ቀና አለ፤ በቃ። ወደ መጨረሻው ደመናው ሳሳ። ከ16ቱ ፎቶ በቂ ከዋክብት የታዩበት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሁለቱ ግን ከብራዚሎቹ ጋር ተዳምረው ብርሃኑ መታጠፉን አሳዩ።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በደመና ጊዜ ትልቁ አደጋ ግርዶሹ ማምለጡ አይደለም። አደጋው ዓይን ላይ ነው። ፀሐይ በጠራ ሰማይ ስትታይ ዓይን ራሱ ይጨፈናል፤ ማፍጠጥ አይችልም። ስስ ደመና ሲሸፍናት ግን ጨረሯ የበረደ ይመስላል። ሰውም «አሁንስ አትጎዳም» ብሎ ያፈጣል። ደመናው ድንገት ይከፈታል። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሲቃጠል ሕመም አይሰማውም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። የተጎዳው ሰው የሚያየው ነገር መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀመጥበታል። መጽሐፍ ሲገልጥ ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ የሚያነበው ፊደል ግን አይታየውም። ፊደል ለመቁጠር ስንት ማታ እንደደከማችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ተራ ጥቁር መነጽር አያድንም። በገበታ ውሃ ውስጥ የፀሐይን መልክ ማየትም ያው ነው፤ ውሃው የሚመልሰው ጨረር ዓይን ይጎዳል። የሚረዳው ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ነው። «አይ ኤስ ኦ 12312-2» የሚል ምልክት ይኑረው፤ ያልተጫረም ይሁን። በዚህ መነጽር ቤት ውስጥ ሲያዩ ምንም አይታይም ማለት ይቻላል። ደመና ሲኖርማ ፀሐይዋ ራሷ በመነጽሩ ላትታይ ትችላለች። ሰው መነጽሩን የሚያወልቀው እኮ ያን ጊዜ ነው። አታውልቁ፤ ደመናው እስኪያልፍ ጠብቁ።

ከምድር ሙቀት የሚነሡ ትንንሽ የቀን ደመናዎች ፀሐይ ስትጋረድ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊበተኑ ይችላሉ። የክረምቱ ከባድ ደመና ግን በዚህ አይበተንም። ሙሉ ግርዶሽ በሆነበት አገር ሰማዩ ቢደፈንም ጨለማው ይመጣል፤ ዶሮዎችም ቆጥ ሊወጡ ይችላሉ። ከፊል ግርዶሽ ሲሆን ብርሃኑ ትንሽ ነው የሚደክመው።

ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ በሞባይል ይችላል። ሞባይሉን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ መሬት ያዙሩት፤ የዛፉን ሥር ማጭዶች ያንሡ። ወፍራም ደመና ከሆነ ጥላ ስለማይኖር ማጭዶቹ አይታዩም። ያን ጊዜ ሞባይሉን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ ያንኑ ደጅ በየአምስት ደቂቃው አንሡ። ሞባይሉ ጨለማ ሲያይ ሥዕሉን በራሱ ያፈካዋል። ስለዚህ ማያውን በጣት ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑን የሚያጸኑ ስልኮች ካሉ እንዲያ አድርጉ። ፀሐይዋን ራሷን ለማንሣት የግርዶሹን መነጽር የካሜራው ዓይን ላይ አድርጉና ማያውን ብቻ ተመልከቱ። ባለሙያዎች ደመናው ሲወፍር ይህን መሸፈኛ ያነሣሉ፤ በደመና መካከል የምትታየዋ ቀጭን ፀሐይም ታምራለች። ደመናው ድንገት ከተከፈተ ግን ትልቁ ካሜራም፣ በካሜራው ውስጥ የሚያየው ዓይንም ይቃጠላል። ይህን ለእነሱ ተዉት።

ግርዶሹ ሲያበቃ ደብተራችሁን አውጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀበሌያችሁን ስም ጻፉ። ፀሐይ የታየችው ለሁለት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ጻፉ። ፈጽሞ ካልታየችም «ደመና ነበር፤ በዚህ ሰዓት ደጁ ደብዘዝ አለ» ብላችሁ ጻፉ።