አደይ አበባን ከመሰሎቹ ለይቶ ማወቅና በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን መጠበቅ

ክረምቱ አልፎ ዘመን ሲለወጥ ምድርን በቢጫ የሚያስጌጠው አደይ አበባ በምእመናን ዘንድ ከዕንቍጣጣሽና ከደመራ ተለይቶ አይታሰብም። ይሁን እንጂ በመስከረም የሚፈነዳ ቢጫ አበባ ሁሉ አደይ አይደለም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት በቅጥራቸው የበቀለውን በትክክል ያውቁት ዘንድ መለያዎቹን በአጭሩ እናቀርባለን።

በአደይ አበባ ስም ከሚጠሩት ዝርያዎች በሰፊው የታወቀው በዕፀዋት ሳይንስ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል። ቅጠሉ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ በጥልቀትም የተሰነጣጠቀ ነው። አንድ አበባ የሚመስለን በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫዎቹ ንቦችን ይስባሉ፣ በመካከሉ የታጨቁት ግን ዘር ያፈራሉ። ማክሮፕቴራ የሚለው ከግሪክ የተገኘ ስም «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ሲሆን፣ ይህም ክንፍ ያለውን ጠፍጣፋ ዘሩን ያመለክታል።

ከአደይ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው መጭ ነው። መጭ የኑግ ዘመድ ሲሆን ቅጠሉ ያልተሰነጣጠቀና ሻካራ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ለመለየት ከአበባው ይልቅ ቅጠሉን መመልከት ይበጃል። ዘሩ በልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎትም የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ፈርሰው አካባቢው በአዲስ መልክ መሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ የዱር አበባ የሚበቅልበት ክፍት መሬት እጅግ ጠብቧል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ንጣፍ ያላረፈበት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ለአደይ መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል በመሆኑ፣ ሣሩ ለበዓል ተብሎ በመስከረም ሙሉ በሙሉ ከታጨደ ለከርሞ የሚተርፍ ዘር አይኖርም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከቅጽሩ አንዱ ጥግ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ እስኪፈጸም ሳይታጨድ ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ዘሩ ደርሶ ይረግፋል። ሁለተኛ፣ ለደመራ የሚፈለገው አበባ ከነሥሩ አይነቀል፤ ቅርንጫፉ ብቻ ይቆረጥ። ሦስተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የደረቀውን ዘር ለቅመው በግንቦት መጨረሻ ባዶ መሬት ላይ ይበትኑት።

ዝርያውን ማረጋገጥ የሚሹ ቅጠል፣ አበባና ዘር ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ቢያሳዩ መልካም ነው።