ሺህ ግዢ፣ አንድ ገዢ

የአክሲዮን ገበያ መረጃ የሚተነትን ሰው በብዛቱ መታለሉ ቀላል ነው። ናስዳክ ስለ ትዕዛዞች የሚያሰራጨው መረጃ ሰዓቱ እስከ ናኖ ሰከንድ ድረስ ተመዝግቧል፤ ትዕዛዝ ሲገባ፣ ሲሰረዝ፣ ሲፈጸም አንድ አንድ መስመር ይይዛል። አብዛኛው ትዕዛዝ ሳይፈጸም ይሰረዛል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው ግን እዚያ ውስጥ የለም፤ የትዕዛዙ ባለቤት ማን ነው?

የተፈጸሙትን ብቻ እንውሰድ። የቀረበውን ዋጋ ተቀብሎ ግብይቱን ያስጀመረው ገዢ ከሆነ መደመር፣ ሻጭ ከሆነ መቀነስ ብለን በተራ እንጻፍ። ጀማሪ ተንታኝ ምልክቶቹ የተዘበራረቁ ይሆናሉ ብሎ ይጠብቃል። እንዲያ አይደለም፤ መደመር መደመርን፣ መቀነስ መቀነስን እያስከተለ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፋብሪዚዮ ሊሎና ዶይን ፋርመር የለንደንን ገበያ፣ ዣን ፊሊፕ ቡሾና ባልደረቦቹ የፓሪስን ገበያ መርምረው ዝምድናው ከሺህ ግብይት በኋላም እንደማይጠፋ አሳዩ።

ምክንያቱስ? ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስበው ሰው ሰውን ተከትሎ እንደሚገዛ ነው። ባመዛኙ ግን ሰውየው አንድ ነው። መርካቶ ገብቶ 200 ኩንታል ጤፍ የሚፈልግ ነጋዴ ፍላጎቱን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ዋጋ ይሰቀልበታላ! ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ያስገዛል። ትልቅ የጡረታ ፈንድም የሚፈልገውን አክሲዮን በኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሸራረፈ ቀስ ብሎ ይሰበስባል። የአባል ድርጅቶች መለያ ያለበት የለንደን መረጃ ሲፈተሽ ሚዛን የደፋው ይኸው መሸራረፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዩኪ ሳቶና ኪዮሺ ካናዛዋ በቶኪዮ ገበያ መረጃ ያንኑ አረጋገጡ።

ታዲያ ቀጣዩ ግዢ ከታወቀ ለምን አልከበርንም? ሌላውም ስለሚያውቅ ነዋ። ሻጮች ለሚጠበቀው ግዢ አስቀድመው ስለሚዘጋጁ ዋጋው ብዙም አይነሣም፤ ያልተጠበቀ ሽያጭ ሲመጣ ግን በኃይል ይወርዳል። የትዕዛዙ አቅጣጫ ይገመታል፣ ዋጋው አይገመትም።

እኔን በሥራዬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ «ሚሊዮን ግብይት አለኝ፤ ስሕተቴ ኢምንት ነው» ይሉኛል። ሚሊዮን ግብይት ግን ሚሊዮን ውሳኔ አይደለም። ምልከታዎቹ እርስ በርሳቸው ባይዛመዱ ኖሮ የአማካዩን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ 4 እጥፍ መረጃ ይበቃ ነበር። ዝምድናው ምን ያህል እንደሚዘልቅ የሚያሳየው የኸርስት መለኪያ ግን ለንደን ላይ ወደ 0.7 ይጠጋል (ዝምድና ባይኖር 0.5 ይሆን ነበር)፤ በዚህ ስሌት 10 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ «ገዢ በዝቷል» የሚል ሪፖርት ሲመጣልኝ የመስመሩን ቁጥር ትቼ ስንት ቀን፣ ስንት የተለያየ አክሲዮን እንደተካተተ እጠይቃለሁ። መረጃው መለያ ካለው ደግሞ በየድርጅቱ ተለይቶ እንደገና እንዲሰላ እመልሰዋለሁ። ያኔ የግምቱ ወሰን ይሰፋና ዜሮን ያቅፋል፤ የሪፖርቱ ባለቤትም ይቆጣል። ተቆጥቶም ቢሆን ድጋሚ ያሰላዋል።