ደረሰኝ ባዩ ማን ነው?

ከፋሲካ አምስት ሳምንት ቀደም ብዬ ስቶክሆልም ለምትኖር ደንበኛ ሁለት የሀገር ልብስ ላክሁ፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የሰባት ዓመት ልጇ። ሽሮ ሜዳ በልክ ያሠራሁት፣ ጥለቱን ራሷ የመረጠችው ነው። በዓሉ መጣ፣ አለፈ። «እህቴ፣ እስካሁን ምንም አልደረሰኝም» ብላ ስትጽፍልኝ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና «ደረሰኙ ይኸው፣ እኔ ልኬያለሁ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ክፍያ በምንቀበልበት ኩባንያ በኩል ክስ ከፈተች። ያንኑ ፎቶ አቀረብሁ። 186 ዶላሩ ተመለሰላት። ገንዘቡን ትቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያን ፎቶ ስልክላት በልቤ ያሰብሁት ነው፤ ትዋሻለች ብዬ ነበር። በእጄ የነበረው ወረቀት ግን ስለ እሷ አንዳች የሚናገረው አልነበረውም።

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ደረሰኝ ማለት «ለእኔ ደረሰኝ» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ተቀባዩ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የሚሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን ደረሰኝ ባዩ ፖስታ ቤቱ ነው። ዕቃውን ከእኔ ተቀብሏል፣ መዝኗል፣ ሒሳቡን ወስዷል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በዚያ ወረቀት ላይ የለም፤ ደንበኛዬም የለችበትም።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ከሙያ ባልደረቦቼ አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «ደረሰኝ እያለኝ እንዴት ይፈረድብኛል?» የሚል ነው። ከሚኒያፖሊስ ይደወልልኛል፣ ከፍራንክፈርት ይደወልልኛል፣ ጥያቄው ያው ነው። መላክን ማስረዳት ሌላ፣ መድረስን ማስረዳት ሌላ መሆኑን መልሼ መላልሼ ብናገርም የሚቀበለኝ ክሱን ከተሸነፈ በኋላ ነው። ከየት እንደመጣብን ግን ይገባኛል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች የምናውቀው ፖስታ ቤት ደጃፍ ድረስ አይመጣም። የፖስታ ሣጥን አለ፤ ጥቅል ሲመጣ ማስታወቂያ ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ መታወቂያ ይዞ ሄዶ፣ ፈርሞ መረከብ ነው። የቀረውን ሁሉ በመንገደኛ እጅ እንልካለን፤ ተቀባዩ ሲረከብ ደውሎ «ደረሰኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። በሁለቱም መንገድ መድረሱን የሚመሰክረው የተቀበለው ሰው ነው። ድንበር ተሻግሮ በሚሸጥ ዕቃ ግን ክርክሩ የሚነሣው የተቀባዩ ቃል በጠፋበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

«ትራኪንግ ቁጥር አለኝ» የሚለውም መልስ አይሆንም። ቁጥር ሁሉ መከታተያ አይደለም። በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ሥርዓት ቁጥሩ 13 ምልክት አለው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው ሀገር ሁለት ፊደል። ሚስጥሩ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው። በኢ የሚጀምረው ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን መልእክት ነው፤ በአር የሚጀምረው የተመዘገበ መልእክት፣ በሲ የሚጀምረው ፓርሰል። በዩ የሚጀምረው ግን ለጉምሩክ መረጃ ሲባል ባርኮድ የተለጠፈበት፣ ክትትል ያልተገዛለት ተራ መልእክት ነው። የፍራንክፈርቷ ባልደረባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በዩ የሚጀምሩ ቁጥሮችን ለደንበኞቿ ስትልክ ኖራለች። እንዲህ ያለ ጥቅል መድረሻው ሀገር ሲገባ ማንም እንዲመዘግበው አይገደድም፤ ደንበኛዋ ደጃፍ ላይ ቢቀመጥ እንኳ በጽሑፍ የሚቀር ነገር የለም። ልዩነቱ ጥቂት ዩሮ ነበር።

ክትትል የተገዛለትም ቢሆን ምስክሩ ሁለት ነው። የላኪው ሀገር ፖስታ ከሀገር መውጣቱን ይመዘግባል፤ መግባቱን፣ ጉምሩክ ላይ መቆየቱን፣ መሰጠቱን የሚመዘግበው የተቀባዩ ሀገር ፖስታ ነው። የስቶክሆልሙ ጥቅል የመጨረሻ መስመር «ከሀገር ወጥቷል» ይል ነበር፤ እኔም ደርሷል ብዬ አነበብሁት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያንኑ ቁጥር በተቀባዩ ሀገር ፖስታ ገጽ ላይም እፈልገዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ያለው ዝርዝር እኛ ዘንድ ከሚታየው ይበልጣል።

አሁን ወደ ፈራጁ እንሂድ፤ ፈራጁ ፖስታ ቤቱ አይደለም፣ ገንዘቡን ያስተላለፈው ኩባንያ ነው። የፔይፓልን ደንብ ብንወስድ፣ ዕቃው አልደረሰም ለሚል ክስ የሚጠይቀው የተሰጠበትን ቀን፣ «ተሰጥቷል» የሚል ሁኔታና ቢያንስ ከተማውን ወይም የፖስታ ኮዱን የሚያሳይ የአጓጓዡን መረጃ ነው። ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፊርማ ይጨመራል። የላኪ ደረሰኝ ይህን አይተካም። አድራሻውም ከክፍያው ጋር የተመዘገበው መሆን አለበት፤ የእኛ ሰዎች አብዝተው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛዋ ከከፈለች በኋላ በዋትስአፕ «እኔ ሥራ ላይ ስለምውል ወደ እህቴ ቤት ላኪልኝ» ትላለች። እኛም ይሉኝታ ይዞን እሺ እንላለን። ጥቅሉ እህቷ ቤት ይገባል፣ «ተሰጥቷል» ይላል፣ ማስረጃው ግን ለሌላ አድራሻ ስለሆነ ዋጋ የለውም። እኔ አሁን ክፍያውን መልሼ በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንድታዝ እጠይቃታለሁ። የሚቆጡ አሉ፤ ይቆጡ።

«ስጦታ ብለሽ ጻፊበት» የሚለውንም ልመና እንዲሁ እምቢ እላለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት አንሥቷል፤ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ሁሉ ይከፈልበታል፣ ስዊድን ውስጥ 25 ከመቶ ነው። የ45 ዩሮው የስጦታ ነፃነት ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ ለሚልከው እንጂ ለሽያጭ አይደለም። ሲ ኤን 22 በሚባለው የጉምሩክ ቅጽ ላይ የ186 ዶላር ልብስ «ስጦታ፣ 20 ዶላር» ብሎ የጻፈ ሻጭ ጉምሩክን ከመዋሸቱም ሌላ የራሱን ማስረጃ አፍርሷል። ዕቃው ቢጠፋ ካሳውን በ20 ዶላር ልክ ነው የሚከራከርበት፤ ለክሱም የሚያቀርበው ወረቀት ሽያጭ የለም ይላል። ለስቶክሆልሟ ደንበኛዬ ዋጋውን በትክክል ጽፌ ነበር፤ ታክስ እንደሚጠየቅባት ግን አልነገርኋትም። ጥቅሉ ምናልባት ክፍያ እየጠበቀ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ይሆናል፣ እሷም የክፍያውን መልእክት የአጭበርባሪ ሥራ መስሏት ሰርዛው ይሆናል። ይህን ለማጣራት ጊዜ ነበረኝ፤ ጊዜውን በደረሰኝ ፎቶ አባከንሁት።

ጊዜው ደግሞ ጠባብ ነው። በፖስታ ኅብረቱ ስምምነት ላኪው የፍለጋ ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ከላከበት ማግሥት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። በፔይፓል ገዢው ክስ የሚከፍትበት ጊዜ ከከፈለ በኋላ 180 ቀን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ ገዢው በ175ኛው ቀን ቢከስ ለሻጩ የፍለጋ በር ሊዘጋ ቀናት ነው የቀሩት። የክትትሉ መረጃም ለዘላለም አይቀመጥም፣ ከወራት በኋላ ከገጹ ይጠፋል። «ተሰጥቷል» ባለበት ዕለት ገጹን ፎቶ አንስቶ ከትእዛዙ ጋር ማስቀመጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

«ተሰጥቷል» ራሱም ለአድራሻው እንጂ ለሰውየው መድረሱን አይናገርም። ጎረቤት ተቀብሎት፣ የሕንፃው መግቢያ ላይ ተቀምጦ፣ ከደጃፍ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ለእኔ ቢፈርድልኝም ደንበኛዋ ባዶ እጇን ናት። በዚያ ቀን አስፈራርቶ መጻፍ ነውር ነው፤ ጎረቤት ጠይቂ፣ ፖስታ ቤቱን ጠይቂ፣ እኔም በዚህ በኩል እጠይቃለሁ ማለት ይቻላል።

ለስቶክሆልሟ ሴት በኋላ የይቅርታ መልእክት ጻፍሁላት፤ አልመለሰችልኝም። አሁን ገጹ «ተሰጥቷል» ባለ ቁጥር በማግሥቱ ለደንበኛዬ «ደረሰሽ ወይ? ልክሽ ሆነ?» ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከካልጋሪ አንዷ «ደረሰኝ እህቴ፣ እጅጌው ትንሽ ረዝሞብኛል እንጂ ልኬ ነው» አለችኝ። መልእክቷን ከትእዛዙ ጋር አስቀመጥሁት፤ እጅጌውን እንዴት እንደምታሳጥረውም ጻፍሁላት።